ሁለተኛው ልክ

ሴትዮዋ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ገንዘባቸውን ቆጠሩ። ለክሊኒኩ ሊከፍሉ አይደለም፤ ቀብዱን ባለፈው ሳምንት ሰጥተዋል። የሚቆጥሩት የመመለሻቸውን ነው። ከደብረ ብርሃን ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተው፣ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ላምበረት መናኸሪያ ወረዱ፤ ከዚያ ሁለት ታክሲ ቀያይረው እዚህ ደረሱ። አብራቸው ያለችው ልጃቸው በአሥር ቀን ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ከሥራ አስፈቅዳ ነው የመጣችው።

«ባለፈው የወሰዱት ልክ፣ ልክ አልሆነም አሉን» አለችኝ ልጅቷ።

ያለነው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሁለት የሕክምና ወንበር ባለው አንድ የጥርስ ክሊኒክ ነው። ለዚህ ዘገባ ስል ጠዋት ገብቼ ጥግ ይዤ ተቀምጫለሁ። የሴትዮዋ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። አንድ የመንጋጋ ጥርሳቸው ወልቋል፤ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ተሞርደው በእነሱ ላይ የሚያርፍ ባለ ሦስት ጥርስ ብሪጅ ሊሠራላቸው ነው። ብሪጁን የሚሠራው ላቦራቶሪ ግን የሴትዮዋን አፍ አያየውም። የሚያየው ልኩን ብቻ ነው።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ አንዴ ብቻ ነው» አለች ዶክተሯ ወንበሩን ዝቅ እያደረገች።

«ምን ይደረግ ልጄ፤ አንቺስ ምን ታደርጊ» አሉ ሴትዮዋ።

ዶክተሯ የላቴክስ ጓንቷን አውልቃ በሌላ ዓይነት ጓንት ለወጠች፤ በላቴክስ ውስጥ ያለው ድኝ ልክ የሚወሰድበት ሲሊኮን እንዳይጠነክር ያደርጋል። ከሁለት ጣሳ እኩል እኩል ሰፍራ ሊጥ የመሰለውን ነገር አንድ ወጥ መልክ እስኪይዝ በጣቶቿ አሸችው። አፍ ውስጥ በሚገባው ሳህን፣ በትሬዩ ላይ ዘረጋችው። ቀጠን ያለውን ሲሊኮን ደግሞ በተሞረዱት ጥርሶች ዙሪያ፣ ከድዱ ሥር ሳይቀር ዞራ አፈሰሰችና ትሬዩን አስገብታ ያዘች። «በአፍንጫዎ ይተንፍሱ እማማ። የእግርዎን ጣት ያንቀሳቅሱ።» አምስት ደቂቃ ያህል ማንም አልተናገረም። የሴትዮዋ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ጉሮሯቸው ሁለት ጊዜ ተናነቀ፤ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ቆመች።

ትሬዩ ሲወጣ ዶክተሯ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄዳ አገላበጠችው። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ አይታው ነበር። ያኔ ያመለጠቻት አንዲት የአየር አረፋ ናት፤ ጤፍ የምታክል። ላቦራቶሪው ጀሶ ሲያፈስበት አረፋዋ በሞዴሉ ላይ እብጠት ሆና ወጣች፤ ያውም ሰው ሠራሹ ጥርስ ከተፈጥሮው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ።

የጤፍ ፍሬ ወርዷ ቢበዛ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ማክሊንና ፎን ፍራውንሆፈር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከአንድ ሺህ በላይ የተገጠሙ ሥራዎችን ለአምስት ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት ጥናት፣ ጥርስን እንደ ቆብ በሚሸፍነው ክራውን ጠርዝና በጥርሱ መካከል ያለው ክፍተት ከ120 ማይክሮን እንዳይበልጥ መከሩ፤ ሙያው እስከ ዛሬ የሚጠቅሰው ልኬት ይኸው ነው። አንድ ሚሊ ሜትር 1,000 ማይክሮን ነው። እንግዲህ ጤፏ ከሚፈቀደው እስከ ስምንት እጥፍ ትደርሳለች ማለት ነው። በዚያ ክፍተት ምግብና ባክቴሪያ ገብቶ ከሥር ያለውን ጥርስ ያበሰብሰዋል፤ ሴትዮዋም አንዱን ጥርስ ሊተኩ መጥተው ሌሎቹን ሁለት ሊያጡ ይችላሉ። ስለዚህ ላቦራቶሪው ሥራውን መመለሱ፣ ዶክተሯም ደውላ መጥራቷ ትክክል ነበር።

የዚያች አረፋ ዋጋ ታዲያ ስንት ነው? በክሊኒኩ መዝገብ ብትፈልጉት የምታገኙት ጥቂት ሲሊኮን፣ አንድ የባከነ ቀጠሮና አንድ ስልክ ነው። ትልቁ ወጪ እዚያ መዝገብ ላይ የለም። እሱ ያለው በነጠላው ቋጠሮ ውስጥ ነው።

የጥርስን ልክ በካሜራ የሚወስደው የጥርስ ስካነር ወጪ ይቀንሳል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰላው የሲሊኮኑ ዋጋ ነው። እኔ ግን ክሊኒክ፣ ላቦራቶሪና የምርምር ውጤቶችን ካየሁ በኋላ የደረስኩበት ሌላ ነው። ከመጀመሪያው ልክ የሚገኘው ቁጠባ ትንሽ ነው። ስካነሩ ዋጋውን የሚያወጣው ሁለተኛውን ልክ ሲያስቀር ነው።

ከሰም እስከ ባሕር አረም

የአፍን ልክ መውሰድ የቆየ ጥበብ ነው። የፕሩሲያው ንጉሥ የታላቁ ፍሬደሪክ የጥርስ ሐኪም የነበረው ፊሊፕ ፕፋፍ እ.ኤ.አ. በ1756 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በለሰለሰ ሰም የመንጋጋን ልክ ወስዶ ጀሶ በማፍሰስ ሞዴል ማውጣትን ገልጿል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሐኪሞች ጀሶውን ራሱን አፍ ውስጥ ማስገባት ጀመሩ፤ ከደረቀ በኋላ ሰባብረው ያወጡትና ስብርባሪውን መልሰው ይገጣጥሙታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከባሕር አረም የሚወጣው አጋር መጣ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጃፓን ይመጣ የነበረውን አጋር ሲያቋርጥ፣ ከቡናማ የባሕር አረም የሚሠራው አልጂኔት ቦታውን ያዘ። ዛሬም በየክሊኒካችን በጎማ ሳህን በውኃ የሚበጠበጠው ዱቄት እሱ ነው። ለጥንቃቄ ሥራ የሚመረጡት ፖሊኢተርና ሲሊኮን የመጡት ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው።

አብዛኞቹ የሚጋሩት አንድ ጠባይ አለ፤ አይረጉም። አልጂኔት አየር ላይ ከቆየ ውኃውን ያጣና ይኮማተራል፤ ውኃ ውስጥ ከተነከረ ደግሞ ያብጣል። ለዚህ ነው በእርጥብ ወረቀት ተጠቅልሎ ቶሎ ጀሶ እንዲፈስበት የሚታዘዘው። ሲሊኮን ቀናት ቢታገስም ያለ ጊዜው ከወጣ ይለጠጣል፤ ትሬዩ ከተንቀሳቀሰ ይጣመማል።

በሌላ ቀን የክሊኒኩ ልክ ወደሚሄድበት ላቦራቶሪ ሄድኩ። ጠባብ ክፍል ናት፤ በሦስት ግድግዳዋ መደርደሪያ፣ በመደርደሪያው ላይ የጀሶ መንጋጋ ተደርድሯል፤ በእያንዳንዱ ሥር በእርሳስ ስም ተጽፏል። ቴክኒሺያኑ ልኩን በመድኃኒት አጸዳ። ጀሶውን መዝኖ በጠበጠ። ልኩን በሚንቀጠቀጥ ማሽን ላይ አስቀምጦ፣ አየር እንዳይቀር ከአንድ ጥግ ጀምሮ ጠብ ጠብ አደረገበት። ከዚያ ወደ አንድ ሰዓት ያህል መጠበቅ ነው። ሲደርቅ ይሞረዳል፤ የተሞረዱት ጥርሶች በቀጭን መጋዝ ይለያያሉ፤ በላያቸው ሰም ይቀረጻል፤ ሰሙ በብረት ወይም በሴራሚክ ይተካል።

እያንዳንዱ ደረጃ የራሱን ጥቂት ስሕተት ይጨምራል። ሲሊኮኑ ጥቂት ይኮማተራል፤ ጀሶው ሲደርቅ ጥቂት ይሰፋል፤ ሰሙ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። የቴክኒሺያኑ ጥበብ አንዱን ስሕተት በሌላው ማካካስ ነው። እጁን ሳየው አከበርኩት። ግን እሱም ቢሆን ዶክተሯ ያላየቻትን አረፋ ሊያስተካክል አይችልም። እዚያ ቦታ ላይ ጥርሱ ምን እንደሚመስል የሚነግረው ነገር የለውም፤ መገመት ደግሞ አይፈቀድለትም። ያለው አማራጭ ስልክ ማንሣት ነው። ስልኩን ሲያነሣ ደግሞ ሴትዮዋ ደብረ ብርሃን ገብተዋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በድሮው አሠራር ስሕተቱ የሚሠራው በአንድ ቦታ፣ የሚታወቀው በሌላ ቦታ፣ ያውም ከቀናት በኋላ ነው። ታካሚው ወንበሩ ላይ ሳለ ቢታይ ኖሮ በደቂቃ የሚታረም ስሕተት፣ ከሄደ በኋላ ስለታወቀ ብቻ ጉዞ ይሆናል።

ብርሃን ልክ ሲወስድ

ፍራንሷ ዱሬ የተባለ ፈረንሳዊ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1973 በሊዮን ያቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ሐሳብ፣ የጥርስን ልክ ያለ ሊጥና ያለ ጀሶ በብርሃን መውሰድ ይቻላል የሚል ነበር። በዘመኑ ኮምፒውተሩም ካሜራውም ለዚህ አልደረሰም። አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቆ፣ በ1985 በፓሪስ ጉባኤ ላይ፣ በታዳሚ ፊት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ለባለቤቱ ክራውን ሠርቶ አሳየ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ቬርነር ሞርማን፣ ከኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ማርኮ ብራንደስቲኒ ጋር በፈጠረው ሴሬክ በተባለ መሣሪያ፣ በካሜራ በተወሰደ ልክ የተቀረጸ የሴራሚክ ሙሌት እዚያው ወንበር ላይ ለታካሚ ገጠመ።

የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ጥርሱ ላይ ነጭ ዱቄት መርጨት ይጠይቁ ነበር። ጥርስ የሚያብረቀርቅና በከፊል ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ ካሜራው ይሳሳታል። ዛሬ ያሉት አብዛኞቹ ዱቄት አይፈልጉም። በአንዱ የተለመደ ዘዴ መሣሪያው በሚታወቅ ቅርጽ የተሠራ ብርሃን ጥርሱ ላይ ይጥላል፤ ብርሃኑ በጥርሱ ጉብታና ስርጉድ ላይ እንዴት እንደተጣመመ ካሜራው ያነባል፤ ኮምፒውተሩም በሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎችን ጠርዝ ለጠርዝ እየሰፋ አንድ ቅርጽ ያወጣል።

ራሴ ልሞክረው ብዬ ስካነር ወዳለው ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። የተሰነጠቀና ክራውን የሚጠብቅ መንጋጋ ጥርስ ነበረኝ። መሣሪያው ወፈር ያለ የኤሌክትሪክ ጥርስ ብሩሽ ያክላል። ጫፉ በትንፋሽ ጉም እንዳይለብስ ለብ ብሏል። ሐኪሙ ከኋላ ጀምሮ በጥርሶቼ ላይ ቀስ ብሎ ሲያንሸራትተው፣ ፊት ለፊቴ ባለው ስክሪን ላይ የራሴ ጥርስ ከነድዱ እየተሳለ ሄደ። ያልደረሰባቸው ቦታዎች ቀዳዳ ሆነው ይታያሉ፤ ተመልሶ ይሞላቸዋል።

በአንድ ቦታ ላይ እጁ ቆመ። በተሞረደው ጥርስ ጠርዝ፣ በምላሴ በኩል፣ መስመሩ ደብዝዟል፤ ምራቅ ገብቶበታል። ሐኪሙ ስክሪኑ ላይ ያቺን ቦታ ብቻ አጠፋት፤ ጥርሱን በአየር አደረቀ፤ መሣሪያውን መልሶ አስጠጋ። ጠርዙ እንደ ሰንጢ አፍ ጥርት ብሎ ወጣ። ከሃያ ሰከንድ አይበልጥም። ለካ እኔም ሁለተኛ ልክ ተወስዶብኛል። ግን ከወንበሩ አልወረድኩም፤ ታክሲ አልያዝኩም፤ ከሥራ አላስፈቀድኩም። ከደብረ ብርሃን የመጡት እናት አንድ ቀን ሙሉ ያወጡበትን ነገር፣ እኔ በተቀመጥኩበት ጨረስኩት።

የበርን ሒሳብ

ስሜት ሒሳብ አይሆንምና ወደ ቁጥር ልመለስ። በዚህ ጉዳይ ላይ በጥንቃቄ ከተሠሩት ጥናቶች አንዱ የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ነው። ቲም ዮዳና ኡርስ ብሬገር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት 20 ታካሚዎችን መርጠው፣ ለእያንዳንዳቸው አጥንት ውስጥ በሚተከል ሰው ሠራሽ ሥር፣ በኢምፕላንት ላይ የሚቆሙ ሁለት ክራውኖች ሠሩላቸው፤ አንዱን በስካነር መንገድ፣ ሌላውን በድሮው የትሬይና የጀሶ መንገድ። የሚወዳደረው የአንድ ሰው አፍ ከራሱ ጋር ስለሆነ ሚዛኑ ትክክለኛ ነው።

በስካነር መንገድ የአንዱ ክራውን ቀጥተኛ ወጪ በአማካይ ወደ 1,815 የስዊዝ ፍራንክ ሆነ፤ በድሮው መንገድ ወደ 2,120። ልዩነቱ 304 ፍራንክ ገደማ ነው። የላቦራቶሪው ወጪ ለብቻው ሲታይ ደግሞ በስካነር 942፣ በድሮው 1,246 ገደማ ነው። ልዩነቱ አሁንም 304 ገደማ! ከሞላ ጎደል ጠቅላላው ቁጠባ የተገኘው ላቦራቶሪው ውስጥ ነው ማለት ነው። በሐኪሙ ወንበር ላይ የተቆጠበው ገንዘብ ከቁጥር አይገባም። ስካነሩ ያስቀረው ላቦራቶሪው ውስጥ ያየሁትን ሥራ ሁሉ ነው፤ ጀሶው፣ መጋዙ፣ ሰሙ፣ አንድ ሰዓት መጠበቁ። በጊዜ ሲለካም ከልክ እስከ መግጠም ያለው ሥራ ከ223 ደቂቃ ወደ 185 ደቂቃ ወርዷል።

ላቦራቶሪዎች ይህን ቀድመው ያወቁት ይመስላል። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ግዙፉ ላቦራቶሪ ግላይድዌል፣ ልኩን በስካን ለሚልኩለት ሐኪሞች በአንድ ጥርስ 20 ዶላር ሲቀንስ ቆይቷል። ግልጽ ጥርስ ማቃኛ የሚሠራው አላይን ቴክኖሎጂም እ.ኤ.አ. በ2011 አይቴሮ የተባለውን ስካነር የሚሠራ ኩባንያ ገዛ። የአላይን ሥራ ከዚያ በፊት የተመሠረተው ከየአገሩ በመልእክተኛ ድርጅት በሚጓዝ የሲሊኮን ልክ ላይ ነበር። ፋይል ግን የጭነት ዋጋ አይጠየቅበትም፤ መንገድ ላይም አይጣመምም።

ስለ ጊዜ ጥናቶቹ የሚሉት አንድ ዓይነት አይደለም፤ ይህንንም መናገር ይገባል። በሃርቫርድ ሊ እና ጋሉቺ እ.ኤ.አ. በ2013 ልምድ በሌላቸው 30 የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በሠሩት ሙከራ፣ የአንድ ኢምፕላንት ልክ በድሮው መንገድ ወደ 25 ደቂቃ፣ በስካነር 12 ደቂቃ ተኩል ፈጀ። በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት ደግሞ ውጤቱ ተገላበጠ፤ ለአንድ ክራውን ልክ ሲወሰድ ከተሞከሩት ሦስት ስካነሮች ሁሉ የድሮው መንገድ ፈጠነ። ልምድ ያለው እጅ በሲሊኮን በፍጥነት ይሠራል። «ስካነር ጊዜ ይቆጥባል» የሚለው ማስታወቂያ እንደ ሐኪሙ፣ እንደ መሣሪያውና እንደ ሥራው ዓይነት እውነት ይሆናል፤ ሐሰትም ይሆናል።

የማሽኑ ዋጋ በብር

የበርንን ሒሳብ እንዳለ ወስደን አዲስ አበባ ላይ መለጠፍ አንችልም። ስዊዘርላንድ ውስጥ ውድ የሆነው የቴክኒሺያኑ ሰዓት ነው፤ እዚያ ጀሶውን ማስቀረት ትልቅ ገንዘብ ነው። እኛ ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል። የእጅ ዋጋ ርካሽ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ግን ውድ ነው። ስካነሩም ሲሊኮኑም የሚገዙት በዶላር ነው።

የስካነር ዋጋ እንደ ብራንዱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊደርስ ይችላል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የ15 ሺህ ዶላር መሣሪያ በአንድ ክረምት ከ855 ሺህ ብር ወደ 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ወጣ ማለት ነው። በላዩ ጠንካራ ኮምፒውተር፣ በአንዳንድ ብራንዶች ዓመታዊ የሶፍትዌር ክፍያ፣ ከታካሚ ወደ ታካሚ በእንፋሎት የሚቀቀሉና ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የሚለወጡ ጫፎች አሉ። መብራት ሲጠፋ የሚያሠራ መጠባበቂያም ያስፈልጋል።

እስቲ ለምሳሌ ያህል ብቻ እናስላ። መሣሪያው 15 ሺህ ዶላር ይሁን፤ አምስት ዓመት ያገልግል እንበል፤ በዓመት 3 ሺህ ይሆናል። ለጥገና፣ ለጫፍና ለሶፍትዌር 1 ሺህ እንጨምር። በዓመት 4 ሺህ ዶላር። በአንድ ልክ ላይ ከሲሊኮን፣ ከትሬይ፣ ከጀሶና ከማመላለሻ 20 ዶላር ይቆጥብ ብንል፣ መሣሪያው ራሱን ለመቻል በዓመት 200 ልክ መውሰድ አለበት። በዓመት 250 የሥራ ቀን ካለ፣ ከአምስት ቀን በአራቱ አንድ ልክ ማለት ነው። ይህ ለትልቅ ክሊኒክ ቀላል ነው። በዓመት 50 ልክ ብቻ ለሚወስድ ክሊኒክ ግን እያንዳንዱ ስካን 80 ዶላር ያስወጣዋል፤ የሚቆጥበው 20 ነው። እንዲህ ያለው ክሊኒክ ስካነር ገዝቶ ኪሳራውን ከታካሚው ላይ ካልጫነ በቀር መቆም አይችልም።

መፍትሔው ግን ከእኛው ዘንድ ይገኛል። እያንዳንዳቸው 50 ልክ የሚወስዱ አራት ክሊኒኮች አንድ ላይ 200 ይሞላሉ። ነጋዴው ሱቁን፣ ሠራተኛው ቤቱን በእቁብ ባቆመበት አገር፣ በአንድ ሠፈር ያሉ ሐኪሞች በጋራ አንድ መሣሪያ መግዛት አያቅታቸውም። ስካነሩ ከነኮምፒውተሩ በአንድ ሻንጣ የሚገባ ነው። ላቦራቶሪው መሣሪያውን ገዝቶ፣ ቴክኒሺያኑን በቀጠሮ ቀን ወደ ክሊኒኩ ቢልከውም ያስኬዳል፤ ከላይ እንዳየነው ከቁጠባው አብዛኛውን የሚያገኘው እሱ ነውና። ለዚህም አቅም ለሌለው መካከለኛ መንገድ አለ፤ ልኩን እንደ ድሮው በሲሊኮን ወስዶ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ ባለ የጠረጴዛ ስካነር የጀሶውን ሞዴል ወደ ፋይል መቀየር። ይህ መንገድ ዚርኮኒያ በተባለው ሴራሚክ የሚሠራን ሥራ ያፋጥናል። አረፋዋን ግን አያስቀራትም፤ ሴትዮዋንም ከመንገድ አያድናቸውም።

ስካነሩ የሚሸነፍበት

ስካነር ካሜራ ነው፤ ካሜራ የማያየውን አያይም። የተሞረደው ጠርዝ ከድድ ሥር ጠልቆ ከገባና ደም ወይም ምራቅ ከሸፈነው ብርሃኑ አይደርስም። ሲሊኮን ግን ድዱን ገፋ አድርጎ ሊገባ ይችላል። አንድም ጥርስ ለሌለው አፍ ልክ ሲወሰድም ስካነሩ ይቸገራል፤ ለስላሳና እርጥብ ድድ ላይ ምስሎቹን የሚያያይዝበት ምልክት ያጣል። ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያሠሩ አባቶችና እናቶች ዛሬም በአብዛኛው የሚያስፈልጋቸው ጥሩ ትሬይና ጥሩ እጅ ነው።

ከአንዱ የመንጋጋ ጫፍ እስከ ሌላው የሚደርስ ረጅም ሥራም እንዲሁ ነው። ኮምፒውተሩ ምስሉን በምስል ላይ እየሰፋ ሲሄድ እያንዳንዱ ስፌት ጥቂት ስሕተት ይጨምራል፤ በመጨረሻ ድምሩ ይታያል። ለአንድ ክራውንና ለአጭር ብሪጅ ስካነሩ ከሲሊኮን እኩል ይቆማል፤ ለሙሉ መንጋጋ ግን ጥሩ ሲሊኮንና ፖሊኢተር ለረጅም ጊዜ በልጠው ቆይተዋል። ስለዚህ የጎማ ሳህኑን የሚጥል ክሊኒክ ተሳስቷል። የጀሶ ሥራ የማያውቅ ወጣት ሐኪም ማፍራትም ጥፋት ነው።

ይሁን እንጂ በየክሊኒኩ ልክ የሚወሰድበት ብዙ ሥራ አንድ ክራውንና አጭር ብሪጅ ነው። የደብረ ብርሃኗ እናት የሚያስፈልጋቸውም ባለ ሦስት ጥርስ ብሪጅ ነበር፤ ስካነሩ ከሲሊኮን እኩል ከሚቆምባቸው ቦታዎች አንዱ።

ቁጠባው የማን ነው?

እስካሁን የቆጠርነው የክሊኒኩንና የላቦራቶሪውን ገንዘብ ነው። የታካሚው ገንዘብ በበርን ሠንጠረዥ ውስጥ የለም፤ በኔም የ200 ልክ ስሌት ውስጥ የለም። እስቲ እንጨምረው። ከመቶ ልክ አምስቱ ይበላሻል ብለን እንገምት። 200 ልክ በሚወስድ ክሊኒክ በዓመት አሥር ሰው ይመለሳል። ከእነዚያ አሥር ሰዎች የአዲስ አበባው ግማሽ ቀን ያጣል። ከክልል የሚመጣው የአውቶቡስ፣ የማደሪያ፣ የአስታማሚ ያወጣል። ለሦስት ሳምንት ዕረፍት ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የመጣ ሰው ብሪጁ ሳይገጠምለት አውሮፕላኑ ይነሣል። የቀን ሠራተኛው የዕለት እንጀራው ይቀርበታል። ከወንበሩ ላይ ሳይነሡ የሚታረም ስሕተት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ይህን ወጪ ክሊኒኩ ስለማይከፍለው ክሊኒኩ አይቆጥረውም። ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ ውሳኔ ላይ አይገባም። ስካነር ልግዛ አልግዛ የሚል ሐኪም ወረቀት አውጥቶ ሲሊኮንን ከማሽን ጋር ቢያወዳድር፣ ብዙ ጊዜ ሲሊኮን ያሸንፋል። የተመለሱትን ሰዎች ቢጨምርበት ግን መልሱ ሊለወጥ ይችላል።

ስለዚህ ለሐኪሞቻችን የምለው ማሽን ከመግዛት በፊት የሚመጣ ነገር ነው። አንድ ደብተር ይኑራችሁ። በዓመቱ ውስጥ የተደገመ ልክ ሁሉ ይጻፍበት፤ ታካሚው ከየት መጣ፣ ስንት ቀን ጠፋበት፣ ምክንያቱ አረፋ ነው፣ ምራቅ ነው፣ መጣመም ነው? ደብተሩ ሁለትና ሦስት ሰው ብቻ ካሳየ ሲሊኮናችሁን አጥብቃችሁ ያዙ፤ እጃችሁ ጥሩ ነው። ሃያ ካሳየ ስካነሩን ወይ በራሳችሁ፣ ወይ ከጎረቤት ክሊኒክ ጋር በጋራ ግዙ። ላቦራቶሪዎችም ጀሶው የቀረበትን ሥራ በጀሶው ዋጋ አታስከፍሉ፤ የተቆጠበው ለታካሚው ካልተከፋፈለ የአገር ቁጠባ አይባልም።

ለታካሚ የምለው አጭር ነው። ወንበሩ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት በትሕትና ጠይቁ፤ ልኩ ቢበላሽ የሁለተኛው ዋጋ የማን ነው? ላቦራቶሪው ልኩን እዚህ ሳለሁ ሊያየው ይችላል? ስካነር ባለበት ክሊኒክ ፋይሉ በኢንተርኔት ከሄደ፣ ቴክኒሺያኑ እናንተ ከወንበሩ ሳትወርዱ አይቶ «ጥሩ ነው» ወይም «ይህን ጥግ ድገሙልኝ» ሊል ይችላል። በሲሊኮን ለሚሠራ ክሊኒክ ደግሞ ልኩን በማጉያ መነጽርና በጥሩ መብራት ማየት ምንም ዶላር አይጠይቅም።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። የክሊኒኩ ቀን ወደ ማለቂያው ተቃርቧል። ዶክተሯ ሁለተኛውን ልክ በመስኮቱ ብርሃን ከአንዴ ሦስት ጊዜ አየችው። ከዚያ ያልጠበቅኩትን አደረገች፤ ሴትዮዋን ወንበሩ ላይ እንዳሉ ትታ፣ ልኩን በስልኳ ከየአቅጣጫው አቅርባ ፎቶ አነሣችና ለቴክኒሺያኑ ላከችለት። ጠበቅን። ልጅቷ ሰዓቷን አየች፤ የደብረ ብርሃን መኪና ከመሸ በኋላ እንደ ልብ አይገኝም። ስልኩ ጮኸ። ጠርዙ በሁለቱም ጥርሶች ዙሪያውን ይታያል፤ ሊሄዱ ይችላሉ።

ስካነር አልነበረም። ሆኖም ስካነሩ ከሚሰጠው ውስጥ ዋናውን ሰጥቷል፤ ስሕተት ካለ ታካሚው ከመሄዱ በፊት እንዲታወቅ ማድረግን። መሣሪያው ይህን ከስልክ ፎቶ በብዙ እጥፍ አጥርቶ ያደርገዋል። ልንከፍልለት የሚገባን ለዚህ ነው።

ሴትዮዋ ከወንበሩ ወርደው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከቋጠሮው የታክሲዋን አውጥተው፣ የቀረውን ጥርሱ ሲደርስ ለሚመጡበት ቀን መልሰው ቋጠሩት። ከዚህ በኋላ የቀራቸው አንድ መንገድ ነው።